ሴቴዋ ጠጋኝ

ጠጋኝ የሚባለውን ሐረግ አታውቁት ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው። ቅጠሉ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ የሆነ፣ ያገኘውን አጥር እየተሳበ የሚወጣ ሐረግ ነው። ዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። መድኃኒቱ ከመሬት በታች ነው፤ ሥሩ ተወቅጦ ሲደረግበት የቆየ ቁስል ያደርቃል ይባላል። ታዲያ ሥሩ የሚፈለግ ተክል ዕጣው የታወቀ ነው። ቅጠሉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የተማሰ ግን በምኑ ያቆጥቁጥ? ጠጋኝም ከየሸለቆው፣ ከየአጥሩ ሥር ተምሶ ተምሶ አለቀ።

እንዳያልቅ ከልጁ ጋር ሆኖ የታገለ አንድ ሰው አውቃለሁ። የእሱን ነገር ላጫውታችሁ። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ኋላ እንዳትቀየሙኝ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነበር። በአንድ በኩል የጋራዥ ግንብ አለ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይጮኽበታል፤ በሌላው በኩል አውራ ጎዳናው ነው። በመሃል የውሃ ታንከር፣ የፍግ ክምር፣ ጥቁር መረብ የለበሱ የጥላ ቤቶች። እኔ ላስቲክ ሞዪ ነበርኩ። ጥቁር አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ደባልቀን፣ ላስቲክ እየሞላን መደብ ላይ መደርደር ነው ሥራችን። ሴቶቹ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እጃችን ይሞላል፣ አፋችን ያወራል።

አለቃችንን ጋሼ ውሃልክ ነው የምንለው። የተደረደረው ላስቲክ ጣት ታህል ከመስመር ከወጣ፣ ምሳውን ጥሎ መጥቶ ያስተካክል ነበር። ‹‹ሚስቱንም ያገባት በገመድ ለክቶ ነው›› ትላለች አንዷ። ይሰማል፤ አይቆጣም። ‹‹ቁመቷን ለክቼ ነበር፤ ምላሷን መለካት ረስቼ ነው እንጂ›› ይላል፣ ሚስቱ በሌለችበት።

ልጁ ስለ ተክል ተምራ፣ ባለሙያ ተብላ እዚያው ጣቢያ ተቀጥራለች። መነጽር አላት፣ የራሷ ክፍል አላት። አባቷ ግን በሰው ፊት ‹‹ሚጣ!›› ብሎ ይጠራታል።

‹‹አባዬ፣ እንግዳ ሲኖር እንኳ ባለሙያዋ በለኝ።››

‹‹እሺ፣ ባለሙያዋ ሚጣ።››

ጠጋኝን የሚያፈሉት በቁራጭ ነበር፤ ዘሩን ያገኘ ሰው አልነበረማ። አንድ ሩቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ሥር ማሽ ሳይደርስበት የቀረ ጠጋኝ አግኝተው፣ በርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አመጡ። ቁራጩ ሁሉ እኩል አልያዘም። አንዱ ግን አሸዋ ሲነካ ሥር ይሰድ ነበር። ጋሼ ወደደው። ከእሱ ቆረጠ፣ ከቆረጠው ላይ ደግሞ ቆረጠ፣ ከዚያም ላይ ቆረጠ። ዓመታት አለፉ፤ የጥላ ቤቶቹ ሞሉ። እንግዶች እየመጡ ፎቶ ተነሡበት። ጠጋኝ ተረፈ ተባለ። እኛ ላስቲክ ሞዪዎቹ ሳንቀር ደረታችንን ነፋን።

የመጀመሪያው አበባ የታየ ቀን ጣቢያው ሠርግ ቤት መሰለ። ጋሼ ከዘለላ ዘለላ እየሄደ ‹‹ዘንድሮ ዘር እናያለን! ዘር!›› ይላል። ዘር ካለማ ሌላ ነገር ነው። ቁራጭ ማለት ያው የተቆረጠበት ራሱ ነው። ዘር ግን አዲስ ልጅ ነው፤ አንዱ ድርቅ ይችላል፣ አንዱ በሽታ ይችላል፤ ዱር ሄዶ በራሱ ይበዛል። ሚጣ አጠገባችን ቁጭ ብላ ብዙ ጊዜ አስረድታናለች።

ያን ቀን ግን እሷ አላጨበጨበችም። ከመደብ መደብ እየዞረች አበባ ትቀነጥሳለች፣ በጥፍሯ ትከፍታለች፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ታያለች፣ ትጥለዋለች፣ ሌላ ትቀነጥሳለች። በመጨረሻ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

‹‹አባዬ፣ ና እስቲ።››

‹‹ምነው፣ ንብ ነደፈሽ?››

‹‹ሁሉም ወንዴ ነው።››

‹‹ሁሉም ማለት?››

‹‹ሁሉም ማለት ሁሉም ነዋ። አንዲት ሴቴ የለችም።››

ጋሼ ሳቀ። ‹‹ታዲያ ጦር ሰፈር ነው ያለማነው በይኛ!››

ማንም አልሳቀም። እሱም ሳቁን አልጨረሰውም።

ፓፓያ የተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወንዴው ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ናት። ወንዴው ያብባል እንጂ አያፈራም፤ ሴቴዋም ወንዴ ካላገኘች አበባዋ እንዲሁ ይረግፋል። ጠጋኝም እንደዚያው ነው። የድሮ ወጌሾች ደግሞ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፦ ያላፈራ አያድንም። ፍሬ የያዘችውን መርጠው ይምሳሉ፤ ፍሬ የሌለውን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ሴቴዎቹ አለቁና ወንዴዎቹ ቀሩ። ጋሼና ሚጣ ያን ሸለቆ ያገኙ ጊዜ ‹‹የሰው እጅ ያልነካው አገኘን›› ብለው ተቃቅፈው ነበር። የሰው እጅ ለምን እንዳልነካው አልጠየቁም። በዚያ ላይ ያን እሺ ባዩን አንዱን ቆራርጠው አበዙት። ያ ሁሉ መደብ፣ ያ ሁሉ ላስቲክ አንድ ወንድ ነበር፣ ልጆቼ። አንድ ወንድ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ሴቴ ፍለጋ ሆነ። ወደ ሸለቆው ተመለሱ፤ ወፍ የለም። ገበያ ወርደው ሥር ሻጮቹን ጠየቁ። ‹‹እኛም ካየናት ቆየን፤ ካገኛችሁ ንገሩን›› አሏቸው። ጋሼ ያን ዕለት ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ጭላንጭሉ የመጣው ከእኛ ክብ ነው። አንዷ ሞዪ፣ ልጅ ሆና ክንዷ ተሰብሮ ያሹላት ወጌሻ ቤት ጓሮ እንዲህ ያለ ሐረግ አይቻለሁ አለች። ወጌሻው ሞተዋል፤ ሚስታቸው ግን አሉ። ጋሼ እኔን ጠራኝ።

‹‹እትዬ፣ አንቺም ነይ። እኔና ሚጣ ብቻ ብንሄድ ግንብ ሊያፈርሱ መጡ ብለው በር ይዘጉብናል። ያንቺን ፊት ያየ ሰው ግን ወንበር ነው የሚያቀርበው።››

ሴራሚክ የሚቆረጥበት ቅያስ ውስጥ ነው ቤቱ፤ በሩ ላይ ሁሉ ነጭ አቧራ ተኝቶበታል። የከፈቱልን የወጌሻው ሚስት የነበሩት ባልቴት ናቸው። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ሲያወሩ እጅ የሚይዙ ሴት። እማማ አልናቸው። ውስጥ መስኮቱ ሥር የእግር ስፌት መኪና አለ፤ ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ በርጩማ ላይ ሰቅሎታል።

‹‹ግቡ ግቡ፤ እግሬን አትዩት›› አለን። ‹‹ዕድሜ ልኩን መኪና እየረገጠልኝ፣ ዘንድሮ አድማ መታ።››

‹‹ስኳር ነው›› አሉ እማማ በጆሮዬ። ‹‹አውራ ጣቱ ላይ የወጣች ቁስል እምቢ አለች።››

‹‹አሁን በግራዬ ነው የምረግጠው›› አለ እሱ። ‹‹የሰፋሁት ሱሪ ሁሉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ለባሾቹ መንገድ ስተው እየተመለሱብኝ ነው።››

ሳቅን። የልብስ ሰፊ እግር ታመመ ማለት ግን የቤቱ ምሰሶ ታመመ ማለት ነው፤ ያ ቤት በዚያ እግር ነው የሚበላው።

ጋሼ ስለ ሐረጉ ጠየቀ። እማማ በእጃቸው አየሩን መቱ።

‹‹እሷማ መካን ናት! ባለቤቴ ወጣት ሳለ ከመንገድ ዳር አምጥቶ ተከላት። ታፈራለች ብሎ ሲጠብቅ ሲጠብቅ እሱ ቀደማት። ያላፈራ አያድንም፣ ግን ጥላ ትሁንሽ ብሎ ተወልኝ። ልብስ አሰጣባታለሁ።››

እውነትም ጓሮ ግንቡን የሸፈነው ሐረግ ላይ አንሶላና ሸሚዝ ተሰጥቷል። ግንዷ የሰው ክንድ ያህላል፤ የእጥበት ውሃ የሚፈስበት ቦይ አጠገብ ቆማለች። ሚጣ ርጥቡን አንሶላ ገልጣ ከሥሩ ገባች። ተመልሳ ስትወጣ ፊቷ ላይ ውሃ አለ፤ ከአንሶላው ይሁን ከዓይኗ አላወቅሁም።

‹‹አባዬ፣ ከአበባው ሥር ትንሽ እብጠት አለ። እብጠት አለው!››

‹‹ምን አለች?›› አሉ እማማ ደንግጠው። ‹‹ታማለች እንዴ?››

‹‹አልታመመችም እማማ። መካንም አይደለችም፤ ባል አጥታ ነው።››

‹‹ውይ! ውይ ውይ! ይህን ሁሉ ዘመን ስሟን ሳጠፋ ኖርኩ በይኛ!››

‹‹እማዬ!›› ብሎ ተጣራ ልጃቸው ከውስጥ። ‹‹ለእሷ ካገኙላት ለእኔም ይፈልጉልኝ በያቸው!››

አያችሁ፣ ያቺ ሴቴ እስከዚያ ቀን በሕይወት የኖረችው ወንዴ ስላጣች ነው። ባታፈራ ሰው ናቃት፤ ሰው ቢንቃት ተረፈች። ይህን ያኔ አላሰብነውም። ደስታ የሚሉት ነገር ያሳውራል።

ጋሼ ያን ዕለት ከጫፏ ጥቂት ቁራጭ ወስዶ አሸዋ ውስጥ ተከለ። ሁሉም ጠቆሩ። ያረጀ እንጨት ሥር ለመስደድ ይሰንፋል፤ በግድ አይሆንም። ተስፋው ሁሉ ዘሩ ላይ ወደቀ። ሚጣ በየማለዳው ከጣቢያው ወንዴዎች ቢጫውን ብናኝ በወረቀት አራግፋ ትይዛለች፤ የራሷን የፊት ዱቄት ብሩሽ ይዛ እማማ ጓሮ መሰላል ላይ ትወጣለች። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ። እማማ ታች ቆመው ያንጋጥጣሉ።

‹‹ሙሽራው ይኸ ነው? ብሩሽ ላይ ያለው?››

‹‹አዎ እማማ።››

‹‹ምነው ከሳ? ይበላል ይጠጣል?››

‹‹በደንብ ነው የሚበላው። አባዬ ከእኔ አብልጦ ነው የሚያበላው።››

አበቦቹ ረገፉ፤ እብጠቶቹ ግን ቀሩ። ቀስ እያሉ አደጉ፤ አተር አከሉ። አረንጓዴ፣ አንጸባራቂ፣ በየቅጠሉ ብብት ሥር። ጋሼ ውሃልክ ያን ያየ ዕለት ግንቡን ተደግፎ ብዙ ቆየ። ለልጁ ‹‹ጎበዝ›› እንኳን አላላትም፤ ራሷ ላይ እጁን ጭኖ ብቻ ሄደ።

አባትና ልጅ የተጨቃጨቁት ያኔ ነው። ሚጣ አንዷን ቅርንጫፍ ሳንቆርጥ ጎንበስ አድርገን አፈር እናልብሳት አለች፤ ከእናቷ ሳትለይ ሥር ከሰደደች መጠባበቂያ ትሆነናለች። ጋሼ እምቢ አለ።

‹‹የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ያውም በእርጅና። እርጉዝ ላይ ሸክም አይጫንም። ፍሬውን ብትጥልብን ምን ይውጠናል?››

‹‹አንድ ቅርንጫፍ እኮ ነው አባዬ።››

‹‹ትውለድና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አልብሻት።››

እሷም ተወችው። አባት ነው፤ የሚለውም የሰነፍ ነገር አልነበረም። ለእማማ ግን አደራ አለቻቸው፦ ‹‹ፍሬው እስኪጠቁር ማንም እንዳይነካው። አረንጓዴ ሆኖ ከተቀነጠሰ ዘሩ ውሃ ነው።››

‹‹ዓይኔ ይውጣ ካስነካሁ!›› አሉ።

የሰፈሩ ሰው ይመጣ ጀመር። ‹‹የወጌሻው መካን ወለደች›› ተባለ። እማማ ጓሮውን እያስጎበኙ፣ በረንዳ ላይ ወንበር እያወጡ፣ ፊታቸው አበራ። የሐረጉ ደስታ ነው መሰለኝ የልጃቸውን እግር ትንሽ ያስረሳቸው። ልብስ ሰፊው ግን እየቀለደ፣ እየቀለደ፣ ቀልዱ እያጠረ ሄደ። አውራ ጣቱ ጠቆረ። ጥቁረቱ ወደ ጎን ዞረ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሐኪሙ ከቁርጭምጭሚት በላይ ካልተቆረጠ ነፍሱንም አያተርፍም አላቸው። ቀን ሰጥተው ወደ ቤት መለሱት።

ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ሰሞን ዝናብ ስለበዛ ወደ እማማ ቤት ሳንሄድ ሰነበትን። ‹ያላፈራ አያድንም› የምትለውን ቃል ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናታል። ግልባጯን ያሰበ ግን አልነበረም፤ ተምሮም ሳይማርም።

ዝናቡ ያባራ ቀን ሦስታችንም ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሚጣ እኛን አልፋ በቀጥታ ወደ ጓሮ ገባች። እኛ እማማ ጋ ገባን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቀሚሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ይወቅጣሉ። ሙቀጫው ውስጥ ያለው ነገር ቢጫ ነው፣ ይሸታል፤ እንደ ርጥብ ብረት ያለ ሽታ።

ጋሼን ሲያዩ ዘነዘናውን ጥለው ተነሡ። እጁን ይዘው ሳሙት፤ ሊከላከል እንኳ ጊዜ አልሰጡትም።

‹‹ወንድሜ! እናንተን የጣለልኝ ፈጣሪ ይክበር! እናንተ ባታጋቡልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? ያን ሁሉ ዘመን ግንቤ ላይ ቆማ፣ ሳታፈራ፣ ሳትጠቅመኝ! ልክ ልጄ ሲጨንቀው አፈራች። ባለቤቴ ቢኖር በደስታ ይሞት ነበር።››

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሙቀጫው ውስጥ አየ።

‹‹ሥሯን... በሙሉ ነው ያወጡት እማማ?›› አልኩ እኔ።

‹‹በሙሉ! ምን ጉልበት አለኝ ብላችሁ ነው፤ የባለቤቴ መማሻ ብረት ረዳኝ እንጂ። ዝናቡ መሬቱን አለስልሶልኝ። ዋናው ሥር እስከ ግንቡ መሠረት ይወርዳል፤ የሰው ጭን ያህላል።›› ከዚያ ድንገት ትዝ ሲላቸው፣ ወደ መደርደሪያው ሮጡ። ‹‹አደራችሁን ግን አልበላሁም! ይኸው። አንዷን ሳልጥል፣ አንዷን ሳልጨፈልቅ፣ ለእናንተ ለቅሜ አስቀመጥኩላችሁ።››

የቅቤ ጣሳ ነው። ውስጡ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ጨርቁ ላይ ፍሬዎቹ አሉ፤ ሁሉም አረንጓዴ።

ምን ትሉ ነበር እናንተ ብትሆኑ? ልጇን ልታድን በዚያ ዕድሜዋ ግንብ ሥር የማሰችን እናት? ጋሼ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

‹‹እግዜር ይስጥልን እማማ›› አለ። ድምፁ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር። ‹‹ይማርልዎት። ይጠግግለት።››

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ‹‹ጋሼ›› አለ ሳይዞር። ‹‹ተዪ ብያት ነበር። እግሬስ አብቅቶለታል፣ ሐረጓን ተያት አልኳት። ግን እናት አይደለች?››

ጓሮ ወጣሁ። ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሯል። ሐረጉ ከግንቡ ወርዶ መሬት ላይ ተጠቅልሏል፤ ቅጠሉ ጠውልጎ እንደ ልብስ ታጥፏል። ሚጣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ በመቀስ ገና ጠንከር ያለውን እየመረጠች ትቆርጣለች፣ በርጥብ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ስታየኝ ቀና አላለችም። ‹‹መቀሱን በጨርቅ ጥረጊልኝ›› አለችኝ ብቻ፤ ጭማቂው እንዳይደርቅበት ነው። ጠረግሁላት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? እዚህ ቤት ግን ሁሉም የብብቱን ነበር የጣለው።

ወደ ጣቢያ ተመልሰን አሸዋውን በፈላ ውሃ አጠብን፤ ሻጋታ እንዳይዝ። ሚጣ ሥር የሚያስሰድድ ዱቄት የያንዳንዱን ጫፍ አስነከረች። ጋሼ ተከለ፤ እኔ በላስቲክ ድንኳን ሸፈንኩ። አረንጓዴዎቹንም ፍሬዎች ዘራናቸው። አንዷን ሚጣ በጥፍሯ ጨምቃ ነበር፤ ወተት የመሰለ ውሃ ወጣ፣ ሌላ ነገር የለም። ቢሆንም ዘራን። ምን ይባላል፣ ከመሞት መሰንበት።

ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቅርንጫፏ ነገር አንዴ ብቻ ነው ያወራው። ሚጣ የላስቲኩን ላብ በስፖንጅ ስትጠርግ አጠገቧ ቆሞ ‹‹አፈር እናልብሳት ብለሽኝ ነበር›› አላት።

‹‹ተወው አባዬ።››

‹‹ብለሽኝ ነበር።››

‹‹እኔም ቢሆን እማማን ሥሯን አይንኩ ማለት ነበረብኝ፤ ፍሬውን አልኳቸው እንጂ። ተወው በቃ።››

ፍሬዎቹ አሸዋው ውስጥ በሰበሱ። ቁራጮቹም ከታች ወደ ላይ መጥቆር ጀመሩ፤ አንዱ ሲጠቁር ይነቀላል፣ አጠገቡ ያለው ይጠበቃል፣ እሱም ይጠቁራል። የልብስ ሰፊውን እግር ሆስፒታሉ ቆረጠው። ሥሩ ተወቅጦ ተደርጎበት፣ ሰነበተና፣ ጥቁረቱ ሽቅብ ወጣ። ሐኪሙ የቆረጠው መጀመሪያ ካለው ቦታ ከፍ ብሎ ነው ይባላል። አንዳንዱ ሥሩ አያድንም ነበር ይላል፤ አንዳንዱ ጊዜው አልፎበት ነው ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ።

ወራት አልፈው አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ጣቢያው በር ላይ ቆመው አየሁ። ከስተዋል። እጄን ያዙኝ፤ እንደ ድሮው ግን አልጨበጡም፣ ልብስ እንደሚይዝ ሰው ብቻ።

‹‹ልጅዎ እንዴት ነው?›› አልኳቸው።

‹‹በእጅ የሚሽከረከር የስፌት መኪና ገዝተውለታል ወንድሞቹ። ቁልፍ ይተክላል፣ ዚፕ ይቀይራል። ትላንት ቀለደ። ‹ካሁን በኋላ አንድ ጫማ ነው የምገዛው› አለኝ።›› አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ‹‹እህቴ፣ ያ ጉድጓድ ዓይኔን እየወጋኝ ነው። አፈር ሞላሁበት፣ እሱ እየሰረገ ይመለሳል። ሰዎቹ ከእሷ የተረፈች ካለች አንዲት ይስጡኝ። እተክላለሁ። አሁን አውቄአለሁ፤ ማንም አይነግረኝም፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የማሳድጋት።››

ወደ ሚጣ ክፍል ወሰድኳቸው። ጋሼም እዚያው ነበር። የላስቲኩ ድንኳን ውስጥ የቀረው አንድ ቁራጭ ነው። የአውራ ጣት ያህል፣ ቀጥ ያለ። ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለት ቅጠል አውጥቷል፤ ጠርዛቸው ገና ቡናማ ያልሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ለጋ ቅጠሎች።

እማማ አዩአት። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

‹‹ቅጠል አወጣች!››

ጋሼ ልጁን አየ። ልጁ መነጽሯን አወለቀች፣ መጥረግ ጀመረች።

‹‹ተረፈች! አያችሁ፣ ተረፈች! እኔ ገደልኳት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ...›› እልል ሊሉ ነበር፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። ‹‹እሷ ናት? እውነት እሷ ናት?››

‹‹እሷ ናት እማማ›› አለ ጋሼ። ‹‹ቅጠል አውጥታለች።››

የተናገረው ሐሰት የለበትም። ችግኝ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ግን የሚያየውን አያውቅም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ሥር ሳትሰድድ ቅጠል የምታወጣ ቁራጭ የራሷን ስንቅ እየበላች ናት። ግንዷ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ጭማቂ ወደ ላይ ትሰድዳለች፣ ለዓይን ታምራለች፣ ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉ ከነግንዱ በአንድ ቀን ይወድቃል። ሚጣ በዚያው ጠዋት አሸዋውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አይታለች። ከታች ምንም የለም። ጫፏ ጠቁሯል።

እማማ የድንኳኑን ላስቲክ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ ሕፃን የሚዳብስ ሰው ይመስላሉ። መቼ ልውሰዳት አሉ። ጋሼ ‹‹ትንሽ ትጠንክር›› አላቸው። እሺ፣ እሺ፣ አልቸኩልም አሉ፤ በእናንተ እጅ ትሁን፣ እኔ ቦታዋን ላዘጋጅ፣ ግንቡን ኖራ ላስቀባ። መርቀውን ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ እግራቸው ቀሎ ነበር።

ጋሼ የድንኳኑን ጠርዝ መልሶ አስተካከለ። የጋራዡ መዶሻ ብቻ ይሰማል።

‹‹ለምን አልነገርካቸውም?›› አለች ሚጣ።

‹‹ምን ብዬ?››

‹‹ኖራ ሊያስቀቡ ነው እኮ አባዬ። ተመልሰው ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው?››

‹‹እንግዲያው ሂጂና ንገሪያቸው። አሁኑኑ ድረሽባቸው።››

መነጽሯን አጥልቃ ወጣች። እኔ በመስኮቱ አያታለሁ። በመደቦቹ መሃል ሮጣ አለፈች፣ በሩን ወጣች። እማማ አውራ ጎዳናው ዳር ቆመው መኪና እስኪያልፍላቸው ይጠብቃሉ፤ መኪና ግን አያልቅም። ሚጣ ደረሰችባቸው። ትከሻቸውን ነካች። ዞሩ፤ ፊታቸው ከዚህ እንኳ ይታያል፣ ያበራል። የሆነ ነገር አሏት፤ እየሳቁ። እሷ ቆመች። ከዚያ ክንዳቸውን ያዘች፣ እጇን ለመኪኖቹ ዘረጋች፣ ሁለቱም ቀስ እያሉ ተሻገሩ።

ብቻዋን ስትመለስ አባቷ የውሃውን ቧንቧ ይዞ በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

‹‹ነገርሻቸው?››

‹‹መንገድ አሻገርኳቸው›› አለች።

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። የቧንቧውን አንድ ጫፍ አቀበላት፤ ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ወንዴዎቹን ማጠጣት ነበረባቸው።